ፍሎረንስ ናይቲንጌል፤ ሐኪም ቤትን በቁጥር የመዘነች ሴት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ ምሳሌ የተነገረው ለበሽተኛው ነው፤ ነገር ግን በደንብ ቢያስቡት ለሐኪም ቤቱም የሚሠራ ነው። በሽተኛ ሕመሙን ቢደብቅ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ሐኪም ቤት ግን የሞቱበትን ሰዎች ቁጥር ቢደብቅ ወይም ከነጭራሹ ሳይቆጥር ቢቀር፣ ነገ በዚያው አልጋ ላይ የሚተኛውን ሌላ ሰው ይጎዳል።

ይህን እውነት ለዓለም በግልጥ ካስረዱት ሰዎች መካከል በመጀመሪያው ረድፍ የምትገኘው እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። ስምዋን ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በሌሊት መብራት ይዛ በቁስለኞች መካከል የምትመላለስ ደግ ሴት ሆና በየመጽሐፉ ተሥላለች። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሹ ብቻ ነው። መብራት ይዛ የዞረችው ሁለት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ሲሆን፣ ብዕርና ሠንጠረዥ ይዛ የደከመችው ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ በተለይ የምንመለከተው ይህን ሁለተኛውን ሥራዋን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ልጅነትዋና ትምህርትዋ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሜይ 12 ቀን 1820 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ ተወለደች። ወላጆችዋ እንግሊዛውያን ሲሆኑ በዚያን ጊዜ አውሮፓን በመጎብኘት ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ የተወለደችበትን ከተማ ስም አወጡላት። ከእርስዋ ቀደም ብላ በኔፕልስ የተወለደችው እኅትዋም ፓርተኖፔ የተባለችው በዚያች ከተማ ጥንታዊ የግሪክ ስም ነው።

አባትዋ ዊልያም ናይቲንጌል ሀብታምና የተማረ ሰው ነበር። ሴቶች ልጆች ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በማይገቡበት በዚያ ዘመን፣ ሁለቱን ልጆቹን ራሱ በቤቱ ውስጥ ግሪክኛና ላቲን፣ ታሪክና ፍልስፍና አስተማራቸው። ፍሎረንስ ከዚህ ሁሉ ጋር ሒሳብን እጅግ ትወድ ነበር። እናትዋ ለትዳር የምትዘጋጅ ልጅ ሒሳብ ማጥናትዋ ምንም ጥቅም አልታያትም ነበር፤ ልጅቱ ግን ይህን ፍቅርዋን እስከ ሕይወትዋ መጨረሻ አልተወችም።

ገና 17 ዓመት ሳይሞላት፣ በፌብሩዋሪ 1837 ዓ.ም.፣ እግዚአብሔር ለአገልግሎቱ እንደ ጠራት በልብዋ አመነች። አገልግሎቱ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ብዙ ዓመት ፈጀባት። በመጨረሻ በሽተኞችን ማስታመም መሆኑን ተረድታ ይህን አሳብዋን በ1845 ዓ.ም. ለቤተ ሰብዋ ብትገልጥ ቤቱ በድንጋጤ ተመላ። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። በዚያ ዘመን ባለጸጋ ሰው የሚታከመው በገዛ ቤቱ ነበር፤ ሐኪም ቤት የድኾች መጠጊያ ነበር። ክፍሎቹ የታፈኑና የሚከረፉ፣ አስታማሚዎቹም ትምህርት የሌላቸውና ብዙዎቹ በመጠጥ የሚታሙ ነበሩ። የጨዋ ልጅ እንዲህ ወዳለ ስፍራ መሄድዋ ለወላጆችዋ ውርደት ሆኖ ታያቸው።

ፍሎረንስ በዚህ ተስፋ አልቈረጠችም። ቤተ ሰቡ ሳይነሣ ከንጋት በፊት እየተነሣች በሻማ ብርሃን የመንግሥትን የጤና ሪፖርቶችና የሐኪም ቤቶችን መግለጫ ታነብ፣ ያነበበችውንም በደብተር እየለየች ትጽፍ ነበር። አንድ የታወቀ ሰው ለጋብቻ ቢጠይቃትም የታሰበላትን ኑሮ ትታ የራስዋን ጥሪ መረጠች። በ1851 ዓ.ም. በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት በነበረው የሴቶች ዲያቆናት ማስታመሚያ ቤት ሦስት ወር ያህል ተማረች። ከዚያም በፓሪስ ሐኪም ቤቶችን እየዞረች አሠራራቸውን ተመለከተች፤ ከፈረንሳይ፣ ከጀርመንና ከእንግሊዝ የሐኪም ቤት ሪፖርቶችን ሰብስባ አንዱን ከሌላው ጋር ታስተያይ ጀመር። በ1853 ዓ.ም. በለንደን በሐርሊ መንገድ የነበረ የአንድ ትንሽ የሕሙማን ሴቶች ቤት ኃላፊ ሆነች።

በእስኩታሪ

በ1854 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ተባብረው ሩስያን በክሪሚያ ወጉ። ብዙም ሳይቆይ ታይምስ የተባለው የለንደን ጋዜጣ የእንግሊዝን ቁስለኞች መከራ አከታትሎ ጻፈ። የቈሰሉትና የታመሙት ወታደሮች በመርከብ ጥቁር ባሕርን እየተሻገሩ ከቁስጥንጥንያ ፊት ለፊት ወዳለችው ወደ እስኩታሪ ይወሰዱ ነበር። በዚያም አንድ ታላቅ የቱርክ ወታደሮች ሰፈር ለሐኪም ቤትነት ተሰጥቶ ነበር። ከጦር ጉዳይ ሚኒስትሮች አንዱ የነበረው ሲድኒ ኸርበርት የፍሎረንስ ወዳጅ ስለ ነበረ፣ አስታማሚዎች ይዛ እንድትሄድ ጠየቃት። እርስዋም 38 ሴቶች አስከትላ ኖቬምበር 4 ቀን 1854 ዓ.ም. እስኩታሪ ደረሰች።

ያገኘችው ነገር ልብን የሚሰብር ነበር። በሽተኞቹ በረዥሙ መተላለፊያ ወለል ላይ ሳይቀር ተደርድረዋል፤ ሳሙና የለም፣ ፎጣ የለም፣ የሚለወጥ ሸሚዝ የለም። ከሕንፃው በታች ያለው የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ተደፍኖ ሽታው ወደ ክፍሎቹ ይወጣ ነበር። ሐኪሞቹም ሴት በጦር ሐኪም ቤት ውስጥ ምን ልትሠራ መጣች በሚል ስሜት በመጀመሪያ ፊት ነሷት። ፍሎረንስ ግን በትዕግሥት ቈይታ ሥራዋን ጀመረች። ሕዝቡ በታይምስ አማካይነት ካዋጣው ገንዘብ ሸሚዝ፣ ማንኪያና የወለል መፈግፈጊያ ብሩሽ ገዛች፤ የልብስ ማጠቢያ ቤት አቆመች፤ ለድካመኞች የሚስማማ ምግብ የሚዘጋጅበት ማዕድ ቤት ከፈተች። ማታ ማታም መብራት ይዛ በአልጋዎቹ መካከል ትዞር ነበር።

ይህ ሁሉ ደግነት ተደርጎ ሳለ ግን ሞት አልቀነሰም፤ ይልቁንም ባሰ። በፌብሩዋሪ 1855 ዓ.ም. በእስኩታሪ ሐኪም ቤቶች ከታከሙት ሰዎች ከየመቶው 42 ያህሉ ሞቱ። ከሞቱትም አብዛኞቹን የገደላቸው የጠላት ጥይት ሳይሆን ተቅማጥ፣ ኮሌራና ተስቦ ነበር።

በማርች 1855 ዓ.ም. ከለንደን አንድ የጤና አጣሪ ቡድን ደረሰ። ከአባሎቹ መካከል ሐኪሙ ጆን ሳዘርላንድና መሐንዲሱ ሮበርት ሮውሊንሰን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የተደፈነውን የቆሻሻ መውረጃ አስጠረጉ፣ ግድግዳውን በኖራ አስቀቡ፣ አየር የሚገባበትን መስኮት አስከፈቱ። ለሐኪም ቤቱ የሚመጣው ውሃ በሚያልፍበት ቦይ ውስጥ የሞተ ፈረስ አግኝተው አስወጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጁን፣ የሚሞተው ሰው ከየመቶው ወደ 2 ገደማ ወረደ።

ፍሎረንስ በዚያ ቦታ ያስተዋለችው ሌላም ጉድ ነበረ። ስንት ሰው እንደ ሞተ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ሦስት የተለያዩ መዝገቦች ነበሩ፤ አንዱ የቀብር መዝገብ፣ ሁለተኛው የሐኪሞቹ፣ ሦስተኛው የወታደሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ሦስቱም አይስማሙም። በመቶ የሚቈጠሩ ወታደሮች ተቀብረው ሳለ በሐኪሞቹ መዝገብ ላይ ስማቸው የለም። እናት አባት ከአገር ቤት ሆነው ወሬ የሚጠባበቁለት ልጅ፣ በሕይወት ሳለ አልጋ እንዳጣ ሁሉ ሞቶም በመዝገብ ላይ ቦታ አጣ። በዚያ ዘመን በሐኪም ቤት የሞተ ሰው እንዴት እንደሚረሳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቁጥሮቹ የመሰከሩት

ፍሎረንስ በ1856 ዓ.ም. ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ ሕዝቡ ካዘጋጀላት የክብር አቀባበል ተሸሽጋ ወደ አገርዋ ተመለሰች። በዚያው ዓመት ከንግሥት ቪክቶሪያና ከልዑል አልበርት ፊት ቀርባ የሠራዊቱ ጤና እንዲመረመር ለመነች፤ በ1857 ዓ.ም.ም ንጉሣዊ አጣሪ ጉባኤ ተቋቋመ። እርስዋ ሴት በመሆንዋ የጉባኤው አባል ለመሆን አልቻለችም፤ ነገር ግን ሊቀ መንበሩ ያው ወዳጅዋ ኸርበርት ስለ ነበረ፣ አብዛኛው የጥናት ሥራ በእርስዋ ጠረጴዛ ላይ ይሠራ ነበር።

በዚህ ሥራ የረዳት ዊልያም ፋር የሚባል ሐኪም ነው። ይህ ሰው በእንግሊዝ አገር የልደትና የሞት መዝገብ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሞትን ምክንያት በየዐይነቱ እየለየ የሚቈጥር የእስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር። ሁለቱ አብረው የጦርነቱን ቁጥሮች መረመሩ። በጦርነቱ ከሞቱት ወደ 21,000 ከሚጠጉ የእንግሊዝ ወታደሮች መካከል 16,000 ያህሉን የገደላቸው በሽታ መሆኑ ታወቀ።

ከዚህም የሚመር አንድ ነገር ከቁጥሮቹ ወጣ። ፍሎረንስ በእስኩታሪ ሳለች ሰዎቹ የሚሞቱት በረኃብ፣ በብርድና በድካም አልቀው ስለሚመጡ ነው ብላ ታምን ነበር። ቁጥሮቹ ግን ይህ ብቻውን እንዳልሆነ አሳዩ። በጦር ሜዳው አቅራቢያ ከነበሩት ትንንሽ የክፍለ ጦር ሐኪም ቤቶች ይልቅ፣ በታላቁ የእስኩታሪ ሐኪም ቤት የሚሞተው ሰው በለጠ። ሞት የቀነሰበትም ጊዜ ቆሻሻው ከተጠረገበት ጊዜ ጋር ተገጣጠመ። ገዳዩ በገዛ ሐኪም ቤቱ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ያ ቤት ደግሞ እርስዋ ሌት ተቀን የደከመችበት፣ ስምዋም የገነነበት ቤት ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አገሩ ሁሉ የሚያወድሳት ሴት ናት። ዝም ብትል የሚከሳት አልነበረም። እርስዋ ግን የእስኩታሪን ቁጥር ከሁሉ ፊት አስቀመጠችው። በ1858 ዓ.ም. ከ800 ገጽ የሚበልጥ ሪፖርት አሳትማ ለሹማምንትና ለሐኪሞች አደለች።

ሹማምንት የቁጥር ሠንጠረዥ ማንበብ እንደሚሰለቻቸው ስለ ተረዳችም ቁጥሩን በሥዕል አሳየቻቸው። አንዱን ዓመት እንደ ድፎ ዳቦ ክብ አድርጋ በዐሥራ ሁለት ወር ከፈለችው። እያንዳንዱ ቁራሽ በወሩ የሞቱትን ሰዎች ያህል ይሰፋል፤ በቁስል የሞቱት በቀይ፣ ሊከለከል በሚችል በሽታ የሞቱት በሰማያዊ፣ በሌላ ምክንያት የሞቱት በጥቁር ቀለም ተሥለዋል። ሰማያዊው ቀለም ቀዩን ሲውጠው ለማየት የሒሳብ ዕውቀት አያስፈልግም፤ ዐይን ያለው ሁሉ ይፈርዳል።

ደግሞም የሰላሙን ጊዜ ወታደር ከሲቪሉ ሕዝብ ጋር አነጻጸረች። ወታደር ተመርጦና ተመርምሮ የሚቀጠር ጤነኛ ጐልማሳ ስለ ሆነ፣ የሚሞተው ሰው ከሌላው ሕዝብ ማነስ ነበረበት። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው፤ በእንግሊዝ አገር በገዛ ሰፈሩ የሚኖር ወታደር በእድሜ ከሚመስለው ሲቪል በእጥፍ ገደማ ይሞት ነበር። ከዚህ በኋላ የወታደሮች ሰፈር አየርና ውሃ መሻሻል ጀመረ፤ የጦር ሐኪሞች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በሠራዊቱም ውስጥ የጤና ቁጥር የሚይዝ ክፍል ተቋቋመ። በ1858 ዓ.ም. የለንደን የእስታቲስቲክስ ማኅበር ፍሎረንስን አባል አድርጎ መረጣት፤ በዚህም ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች።

አንድ ዐይነት መዝገብ

ከወታደሩ ቀጥሎ ፊትዋን ወደ ሲቪል ሐኪም ቤቶች መለሰች። በ1859 ዓ.ም. ስለ ሐኪም ቤቶች ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የሐኪም ቤት የመጀመሪያ ግዴታው በሽተኛውን አለመጉዳት መሆኑን አስረዳች። ይህ ነገር ለሰሚ የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የዚያን ጊዜ ሐኪም ቤት ብዙ ሰው ይዞት ከመጣው በሽታ ሌላ በሽታ የሚሸምትበት ቦታ ነበር።

አንዱ ሐኪም ቤት ከሌላው ይሻል እንደ ሆነ ለማወቅ ግን አስቸጋሪ ነበር። እያንዳንዱ ቤት መዝገቡን በራሱ ልማድ ይይዝ ነበርና። ለአንድ በሽታ አንዱ አንድ ስም፣ ሌላው ሌላ ስም ይሰጠዋል። አንዱ የዳኑትን ይቈጥራል፤ ሌላው የወጡትን ሁሉ እንደ ዳኑ ያደርጋል። በተለያየ መስፈሪያ የተሰፈረ እህል ተነጻጽሮ ማነሱና መብለጡ ሊታወቅ አይችልም።

ስለዚህ ፍሎረንስ ከፋርና ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ተመካክራ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዐይነት ቅጽ አዘጋጀች። ቅጹ የሚጠይቀው እነዚህን ነው፤ በዓመቱ መጀመሪያ ስንት በሽተኛ ነበረ፣ በዓመቱ ውስጥ ስንት ገባ፣ ስንቱ ድኖ ወጣ፣ ስንቱ ሳይድን ወጣ፣ ስንቱ ሞተ፣ በዓመቱ መጨረሻ ስንቱ ቀረ፣ አንዱ በሽተኛ በአማካይ ስንት ቀን ተኛ። ይህም ሁሉ በበሽታ ዐይነት፣ በእድሜና በጾታ ተለይቶ ይጻፋል። በ1860 ዓ.ም. በለንደን በተደረገው ዓለም አቀፍ የእስታቲስቲክስ ጉባኤ ላይ ይህ አሳብ ቀርቦ ድጋፍ አገኘ፤ አንዳንድ የለንደን ሐኪም ቤቶችም ቅጹን ሞከሩት። ይሁን እንጂ ሥራው ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ በበሽታዎቹም አከፋፈል ላይ ሐኪሞቹ ስላልተስማሙ እንደ ታሰበው ሳይስፋፋ ቀረ።

የቅጹ ዓላማ ወቀሳ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሐኪም ቤቶች አብዛኛዎቹ የሚተዳደሩት በምጽዋት ነበር። ፍሎረንስ ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች ገንዘባቸው መልካም ሥራ ይሥራ ወይም ጉዳት ያድርስ የማወቅ መብት እንዳላቸው ታምን ነበር። ደግነት በቀና ልብ ቢደረግም ፍሬው ካልተመዘነ ደግነት መሆኑ አይታወቅም።

ተንኰሉንም አልሳተችውም። አንዳንድ ሐኪም ቤት ተስፋ የሌለውን በሽተኛ ከሞት አንድ ሁለት ቀን በፊት ያሰናብተዋል፤ ያ ሰው ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ሄዶ እዚያ ይሞታል። የፊተኛው ቁጥር ያምራል፤ የኋለኛው ይከፋል። ፍሎረንስ ይህ ዐይነት ነገር መኖሩን በመጽሐፍዋ ገልጣ አስጠነቀቀች።

የ1863ቱ ክርክር

መመዘን አስፈላጊ የመሆኑን ያህል በትክክል መመዘን ከባድ መሆኑን ደግሞ ራስዋ ፍሎረንስ ያለፈችበት አንድ ክርክር ያስረዳል። በ1863 ዓ.ም. መጽሐፍዋን አስፍታ እንደገና ስታሳትም፣ ፋር ያዘጋጀውን የ106 የእንግሊዝ ሐኪም ቤቶች ሠንጠረዥ አገባችበት። በሠንጠረዡ መሠረት በ24ቱ የለንደን ሐኪም ቤቶች የሞቱት ከመቶ 90.84፣ በ25ቱ የአውራጃ ሐኪም ቤቶች ግን ከመቶ 39.41 ነበሩ። ይህን ያነበበ ሰው ለንደን ሐኪም ቤት ከገቡት ከዐሥሩ ዘጠኙ ይሞታሉ ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ፋር በ1861 ዓ.ም. በሙሉ በለንደኖቹ ሐኪም ቤቶች የሞቱትን 3,828 ሰዎች ያካፈለው በዓመቱ ለገቡት በሽተኞች አልነበረም፤ በአንድ ቀን በአልጋ ላይ ተኝተው ለተገኙት 4,214 ሰዎች ነው።

የዚህን ልዩነት በትንሽ ሒሳብ እንየው። ሁለት ሐኪም ቤቶች አሉ እንበል፤ ሁለቱም 100 አልጋ አላቸው፤ አልጋዎቹም ሁልጊዜ የተሞሉ ናቸው። በመጀመሪያው አንድ በሽተኛ አንድ ወር ይተኛል፤ ስለዚህ በዓመት 1,200 ሰው ይታከማል፣ 100 ሰው ይሞታል። በሁለተኛው አንድ በሽተኛ ሦስት ወር ይተኛል፤ ስለዚህ 400 ሰው ይታከማል፣ 40 ይሞታል። በፋር አካሄድ የመጀመሪያው ከመቶ 100፣ ሁለተኛው ከመቶ 40 ይሆናል፤ የፊተኛው ቄራ ይመስላል። የሞቱትን ለታከሙት ብናካፍል ግን የመጀመሪያው ከመቶ 8 ገደማ፣ ሁለተኛው ከመቶ 10 ይሆናል፤ አሁን ደግሞ የፊተኛው የተሻለ ሆነ። ሐኪም ቤቶቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ማካፈያው ነው።

የዘመኑ የሕክምና ጋዜጦች ይህን አንሥተው አጥብቀው ተቹ። ከዚህም ሌላ፣ የለንደን ሐኪም ቤቶች እጅግ የጠናባቸውንና በአደጋ የተጎዱትን ስለሚቀበሉ፣ ቀለል ያለ በሽተኛ ከሚቀበለው ከገጠሩ ሐኪም ቤት ጋር እንዲሁ ሊወዳደሩ እንደማይገባ ተናገሩ። ፋርም በበኩሉ የራሱን አካሄድ ተከላከለ፤ በእርሱ አስተያየት ሞት ከጊዜ ጋር መመዘን አለበት፤ አንድ ሰው በሐኪም ቤት ውስጥ የሚቈይበት ዘመን ካልታሰበ፣ በሽተኛን ቶሎ ቶሎ የሚያስወጣ ቤት በከንቱ ይመሰገናል። በሁለቱም ወገን እውነት ነበረ። ከዚያ ክርክር የተገኘው ትምህርት እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ሐኪም ቤቶችን የሚያወዳድር ሰው ስንት ሞተ ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ከስንት ሰው፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ምን ያህል ከታመመ ሰው ብሎ መጠየቅ አለበት።

የወላዶቹ ክፍል

ፍሎረንስ የራስዋን ቤት ሚዛን ላይ ለማውጣት ወደ ኋላ እንዳላለች የሚያሳይ ሁለተኛ ማስረጃ አለ። ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቡ በስምዋ ባዋጣው ገንዘብ በ1860 ዓ.ም. በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚሁ ገንዘብ ደግሞ በኪንግስ ኮሌጅ ሐኪም ቤት ውስጥ አዋላጆች የሚማሩበት ትንሽ የወላዶች ክፍል ተቋቋመ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ድኻ ሴቶች በንጹሕ ስፍራ ይወልዳሉ፣ የገጠር አዋላጆችም ይማራሉ።

ይሁን እንጂ በክፍሉ የአራስ ትኩሳት ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከወለዱት 780 ሴቶች 26ቱ ሞቱ፤ ይህም ከየሺሁ ከ33 በላይ ማለት ነው። በመላው እንግሊዝ ደግሞ በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት ከየሺሁ 5 ያህል ነበሩ። በድኽነት ጐጆ ውስጥ የወለደችው ሴት፣ ተጠንቅቀው ባዘጋጁት ክፍል ከወለደችው ይልቅ የመዳን ዕድልዋ የሰፋ ሆነ።

ክፍሉ በ1867 ዓ.ም. ተዘጋ። ፍሎረንስ ግን መዝጋት ብቻ አልበቃትም። ከልዩ ልዩ አገሮች የወላዶችን ሞት ቁጥር ሰብስባ፣ በቤት የወለዱትንና በሐኪም ቤት የወለዱትን አነጻጽራ፣ በ1871 ዓ.ም. መጽሐፍ አወጣች። የራስዋ ክፍል ቁጥርም በመጽሐፉ ውስጥ ሳይሸፈን ተጻፈ። የብዙ ወላዶች በአንድ ክፍል መከማቸትና ከሌላው በሽተኛ አለመለየታቸው አደገኛ መሆኑን ከቁጥሮቹ አስረዳች። የተዋስያን ሳይንስ ገና ባልተስፋፋበት በዚያ ጊዜ የበሽታው ዘር ገና በውል አልታወቀም ነበር፤ ቁጥሩ ግን መንገዱን አስቀድሞ አመለከተ።

የመጨረሻው ዘመንዋ

ይህን ሁሉ ስትሠራ ፍሎረንስ ራስዋ በሽተኛ እንደ ነበረች ማስታወስ ያስፈልጋል። በክሪሚያ የያዛት ትኩሳት ጤናዋን አውኮት ስለ ነበረ፣ ከ1857 ዓ.ም. ወዲህ ብዙውን ጊዜ ከክፍልዋ ሳትወጣ፣ አንዳንድ ጊዜም ከአልጋዋ ሳትነሣ ትሠራ ነበር። በሺህ የሚቈጠሩ ደብዳቤዎች የተጻፉት ከዚያ ክፍል ነው። እግርዋ ሕንድን ረግጦ ባያውቅም፣ ስለ ሕንድ ሕዝብና ስለዚያ አገር ሠራዊት ጤና ከየጣቢያው ቁጥር እያስመጣች ለብዙ ዓመታት ደከመች። በ1891 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመትዋ እንኳ፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የእስታቲስቲክስ መምህርነት ወንበር እንዲቋቋም ፍራንሲስ ጋልተን ከሚባለው ሊቅ ጋር ትጻጻፍ ነበር፤ ነገሩ ግን አልተፈጸመም።

በ1907 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ከፍተኛ የሆነውን የክብር ኒሻን ሰጣት፤ ይህን ኒሻን በመቀበል ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። በዚያን ጊዜ ዐይንዋ ጠፍቶ ነበር። ኦገስት 13 ቀን 1910 ዓ.ም. በ90 ዓመትዋ በለንደን ዐረፈች። በነገሥታቱ መቃብር በዌስትሚንስተር እንድትቀበር ቢታሰብም፣ ቤተ ሰብዋ ፈቃድዋን ጠብቀው በገጠር በወላጆችዋ አጠገብ ቀበሩዋት። በድንጋዩ ላይ ከስምዋ የተጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው።

ሥራዋ ግን አብሮ አልተቀበረም። እርስዋ ካረፈች በኋላ ኧርነስት ኮድማን የሚባል የቦስተን ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም እያንዳንዱን በሽተኛ ከሐኪም ቤት ከወጣ በኋላም እየተከታተለ፣ ሕክምናው የመጨረሻ ውጤት ምን እንደ ሆነ መመዝገብና ለሕዝብ መግለጥ እንደሚገባ ታግሎ አስተማረ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሐኪም ቤቶች ውጤት ሲወዳደር የበሽተኛው እድሜና የበሽታው ክብደት በሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ይህም የ1863ቱ ክርክር ፍሬ ነው ለማለት ይቻላል። የዓለም አስታማሚዎች ቀንም በየዓመቱ በልደትዋ ዕለት በሜይ 12 ይከበራል።

ከሕይወትዋ የምንማረው

ከዚህች ሴት ታሪክ እኛ ተማሪዎች የምንቀስመው ነገር ብዙ ነው። ከመካከላችን ነገ ሐኪም፣ ነርስ ወይም አዋላጅ የሚሆን አለ፤ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ቁጥር የሚጽፍም አለ። የመዝገቡ ሥራ ከመርፌው ሥራ የሚያንስ እንዳይመስለን ይገባል። በመዝገብ ላይ የምትሠፍረው እያንዳንዷ ቁጥር አንድ ቀን ስም የነበራት፣ እናት የነበራት ነፍስ ናት። በትክክል የቈጠራት ሰው የሚከተለውን በሽተኛ ያድናል፤ አሳምሮ ለመታየት ሲል የሰረዛት ሰው ግን ሁለተኛ ይገድላታል።

ሒሳብ የደረቀ ትምህርት ነው እያልን በክፍል ውስጥ ለምናማርረውም መልስ አለው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከሌሎቹ ደጋግ ሴቶች የተለየችው በርኅራኄ ብዛት አይደለም፤ ርኅራኄዋን በሒሳብ በመፈተንዋ ነው። ልብ ብቻውን ቢሠራ ኖሮ በእስኩታሪ የሞት ምክንያት ሳይታወቅ፣ ቤቱም እንደ ተመሰገነ በቀረ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ሚዛኑን አስቀድማ በራስዋ ቤት ላይ ማንሣትዋን እናስብ። የሌላውን ጉድለት መቈጠር ለማንም ቀላል ነው። የገዛ ሥራን ቈጥሮ፣ የከፋ ሆኖ ሲገኝ ሳይሸፍኑ ለሕዝብ ማሳየትና ማረም ግን የታላላቅ ሰዎች ድርሻ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ የእርስዋም ቁጥሮች እያደሩ ጠርተው ለብዙ ሺህ ነፍሳት መዳን ምክንያት ሆነዋል።